36 ቀን በጽኑ ሕሙማን ክፍል፦ መድኃኒት የተላመደ ፈንገስና የአንድ ሆስፒታል አገልግሎት

ከዚህ በታች የምጽፈው በአዲስ አበባ የሚገኝ አንድ የግል ሆስፒታል በጽኑ ሕሙማን ክፍሉ ለአጎቴ በ36 ቀናት ውስጥ የሰጠውን አገልግሎት የሚመለከት ነው። የሆስፒታሉን ስም አልጠቅስም። ያየኋቸው ጉድለቶች የዚያ ቤት ብቻ ናቸው ብዬ አላምንም፤ ስሙን ብጽፍ ደግሞ አንባቢው «እንኳን እዚያ አልሄድኩ» ብሎ ነገሩን እንዳይተወው እሰጋለሁ። በሙያዬ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ስሆን ከአዲስ አበባ ውጭ ባለ ሆስፒታል በማይክሮባዮሎጂ ክፍል እሠራለሁ። በዚህ ጉዳይ የነበርኩት ግን አስታማሚ ሆኜ ነው፤ የቆየሁትም እንደ ማንኛውም አስታማሚ ከመስተዋቱ ውጭ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ በእጄ ፔርሙዝ፣ በጉልበቴ ላይ የመድኃኒት ደረሰኝ ይዤ ነው።

ስለ ሕንፃው ብዙ አልልም። አሳንሰሩ ይሠራል፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ወዲያው ይነሣል፤ የእንግዳ መቀበያ ሠራተኞቹ ትሑታን ናቸው፤ ወለሉ ፊት ያሳያል። ቅድመ ክፍያ ሳይፈጸም አልጋ እንደማይሰጥ የታወቀ ስለሆነ ቅር አላለኝም፤ የየዕለቱ ሒሳብም በዝርዝር እየታተመ ይሰጠን ስለነበር በገንዘብ ረገድ እሰጥ አገባ ውስጥ አልገባንም። ሰው ስለ ሆስፒታል ለወዳጁ የሚያወራው አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ነው፤ ሥራዬ ባያስለምደኝ ኖሮ እኔም ከዚህ አልፌ ባላየሁ ነበር።

አጎቴ የ67 ዓመት ጡረተኛ መምህር ሲሆኑ የስኳር ሕመም አለባቸው። በሚኖሩበት የሰሜን ሸዋ ከተማ ሳሉ አንጀታቸው ተጠማዘዘ፤ ይህ በአገራችን በዕድሜ የገፉ ወንዶችን ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ከሚዳርጉት የሆድ ሕመሞች አንዱ ነው። በአካባቢው ሆስፒታል ኦፕራሲዮን ተደርገው የሞተው የአንጀት ክፍል ተቆርጦ ወጣላቸው። በአምስተኛው ቀን ግን የተሰፋው ቦታ አፈሰሰ፤ ሆዳቸው ተነፋ፣ ትኩሳታቸው ናረ፤ በአምቡላንስ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በዚያው ሌሊት ለሁለተኛ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ክፍል አደሩ። ሁለተኛውን ቀዶ ሕክምና ያደረጉት ሐኪም እጃቸው የተባረከ ነው፤ ያን ሌሊት አጎቴን ያተረፉልን እሳቸው ናቸውና ከዚህ በኋላ የምለው ወቀሳ ሁሉ እሳቸውን አይመለከትም።

ሌሊቱን ተርፈው ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲገቡ ግን፣ በደም ውስጥ ለሚገባ ፈንገስ አደጋ የሚያጋልጡት ነገሮች አንድ በአንድ ተሟልተውባቸው ነበር። ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ በጤነኛ ሰው አፍ፣ አንጀትና ቆዳ ላይ ማንንም ሳያስቸግር ይኖራል። አንጀት ሲበሳ ከነይዘቱ ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳል፤ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የሚገድሉ ጠንካራ አንቲባዮቲኮች ጎረቤቶቹን ሲጨርሱለት ቦታው ሁሉ ለእርሱ ይለቀቅለታል፤ በትልቅ ደም ሥር ውስጥ የገባ ቱቦ ደግሞ ከቆዳ ወደ ደም የሚያሻግር ድልድይ ይሆነዋል። ስኳር፣ የኩላሊት እጥበት፣ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ስቴሮይድ፣ በካንሰር ሕክምና ምክንያት የነጭ የደም ሴል ማነስ፣ ሰፊ የእሳት ቃጠሎ፣ በሕፃናት ዘንድም ያለጊዜ መወለድ ከዚሁ ጎራ የሚቆጠሩ ናቸው። የስፔን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት «ካንዲዳ ስኮር» የተባለ ቀላል ስሌት አለ፦ ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት 1 ነጥብ፣ ምግብ በደም ሥር ለሚሰጠው 1፣ ፈንገሱ ከአንድ በላይ በሆነ የሰውነት ክፍል ላይ ለተገኘበት 1፣ ከባድ ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን በመላ ሰውነት ላይ ያስከተለው አደገኛ መታወክ) ላለበት 2፤ ድምሩ ከ2.5 ካለፈ ፈንገስ መጠርጠር ይገባል። አጎቴ አንድም ናሙና ከሰውነታቸው ሳይወሰድ 4 ነጥብ ነበራቸው። ስሌቱ ወረቀትና እስክሪብቶ እንጂ ማሽን አይጠይቅም፤ ሆኖም በዘጠኙ የመጀመሪያ ቀናት በሐኪሞች ጉብኝት (ራውንድ) ላይ «ፈንገስ» የሚለውን ቃል ከማንም አፍ አልሰማሁም።

በአምስተኛው ቀን ልብሳቸውን ለመቀየር ነርሷን ሳግዝ በቀኝ ብሽሽታቸው የገባውን ሴንትራል ላይን፣ ያንኑ የትልቅ ደም ሥር ቱቦ፣ አየሁት። የተሸፈነበት ፕላስተር በአንድ ጠርዙ ተነሥቶ ከሥሩ የደረቀ ደም ይታያል፤ ቱቦው የገባበትን ወይም ፕላስተሩ የተለወጠበትን ቀን የሚገልጽ ጽሑፍ ግን የለበትም። «ሲስተር፣ ይህ ላይን መቼ ነው የገባው?» ብዬ ጠየቅኋት። «የመጡ ዕለት ይመስለኛል፤ ቻርቱን ላየው» አለችኝ። ቻርቱ ላይም አልነበረም። ብሽሽት ለድንገተኛ ጊዜ ምቹ መግቢያ ቢሆንም ላብና እርጥበት የማያጣው፣ ለሽንትና ለሰገራ ቅርብ የሆነ ቦታ ነው፤ የአጎቴ ሰገራ በዚያን ሰሞን በሆዳቸው ላይ በተለጠፈ ከረጢት ይወርድ ነበርና ከረጢቱ ባፈሰሰ ቁጥር ወዴት እንደሚወርድ መገመት አያዳግትም። ቱቦ መግባቱን አልነቅፍም፤ ያለ እርሱ መድኃኒቱንም ምግቡንም መስጠት አይቻልም ነበር። የምነቅፈው «ዛሬም ያስፈልጋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በየማለዳው አለመጠየቁን ነው፤ የገባበት ቀን ያልተጻፈ ቱቦ ስንት ቀን እንደቆየ የሚቆጥርለት የለም።

እስካሁን ያልኩት ፈንገሱ ወደ ደም እንዴት እንደሚገባ ነው። የገባው ፈንገስ መድኃኒት የተላመደ እንዲሆን የሚያደርገው ግን በአብዛኛው ሌላ ታሪክ ነው፤ የአጎቴም ታሪክ የሚጀምረው ከሆስፒታሉ ውጭ፣ በቤታቸው መሳቢያ ውስጥ ነው። የእግራቸው ጥፍር ወፍሮና ቢጫ ሆኖ ስለነበር ከሰፈራቸው ፋርማሲ ያለ ሐኪም ማዘዣ ፍሉኮናዞል የተባለውን የፈንገስ መድኃኒት ባለ 150 ሚሊ ግራሙን እየገዙ በየሳምንቱ አንድ አንድ እንክብል ለአራት ወራት ያህል ወስደዋል። ይህን የነገሩኝ ባለቤታቸው ናቸው፤ ሆስፒታሉ ሲቀበላቸው የጠየቀው ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት መድኃኒት ብቻ ነበር። «ባለፉት ሦስት ወራት የፈንገስ መድኃኒት ወስደዋል?» የሚል አንድ መስመር በመቀበያው ቅጽ ላይ ቢኖር ኖሮ ለአንድ ሳምንት የተደናበርንበት ነገር በአንድ ደቂቃ ይታወቅ ነበር። ከዚህ ቀደም ፍሉኮናዞል የወሰደ ሰው በኋላ ላይ ፈንገስ በደሙ ቢገኝበት ያ ፈንገስ ፍሉኮናዞልን የሚቋቋም የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል፤ መድኃኒቱ የሚሞቱትን ገድሎ የማይሞቱትን ለይቶ ያስቀርለታልና። ካስፖፈንጂን ለተባለው ሌላ የፈንገስ መድኃኒትና ለመሰሎቹም ይኸው ሕግ ይሠራል።

በዘጠነኛው ቀን፣ ሜሮፔነምና ቫንኮማይሲን የተባሉትን አንቲባዮቲኮች እየወሰዱ ሳለ፣ ትኩሳቱ ተመለሰ። ሐኪሙ የደም ካልቸር፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለውን ተሕዋስ በጠርሙስ አሳድጎ የሚለይ ምርመራ፣ አዘዙ፤ ይህ ትክክል ነው። የተቀዳው ግን በአንድ ጠርሙስ፣ ከአንድ ክንድ፣ ከአምስት ሚሊ ሊትር የማይበልጥ ደም ነው። ለዐዋቂ ሰው ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች፣ በእያንዳንዱ ዙር ወደ 20 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ ደም ሊቀዳ ይገባል፤ በደም ውስጥ ያለው ፈንገስ በጣም ጥቂት ስለሚሆን ደሙ ባነሰ ቁጥር ሳይገኝ የመቅረቱ ዕድል ይጨምራል። በአግባቡ ተቀድቶ እንኳ ካልቸር ከካንዲዳ ሕሙማን ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው የሚያገኘው። ነርሷን ስጠይቃት ጠርሙስ በነጠላ እንደሚሸጥና ብዙ ቤተሰብ በሁለተኛው ጠርሙስ ዋጋ ላይ እንደሚያጉረመርም በቅንነት ነገረችኝ። እኛን ግን የጠየቀን አልነበረም። በዚያው ዕለት «ለጥንቃቄ» ተብሎ በቀን 200 ሚሊ ግራም ፍሉኮናዞል ተጨመረላቸው፤ ፈንገስ በደም ውስጥ ለተገኘበት ዐዋቂ የተለመደው መጠን በመጀመሪያው ቀን 800፣ ከዚያም በየቀኑ 400 ሚሊ ግራም ሆኖ ሳለ በግማሽ መጠን መስጠት ፈንገሱን የማይገድል፣ ግን ከመድኃኒቱ ጋር የሚያለማምድ ነገር ነው።

ከሁሉም ያናደደኝ በአሥራ ሁለተኛው ቀን የሆነው ነው። ካልቸሩ ነገር ማሳየቱን ሰምቼ ውጤቱን ስጠይቅ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው «እርሾ መሳይ ሴል ታይቷል፤ ከቆዳ የመጣ ብክለት ሊሆን ይችላል» የሚል ነበር። በባክቴሪያ በኩል ከቆዳ ወደ ጠርሙሱ የሚገቡ መኖራቸው እውነት ነው፤ እኔም በሥራዬ እንዲህ ያለ ውጤት ጽፌ አውቃለሁ። ከደም ካልቸር የወጣ ካንዲዳ ግን በምንም መልኩ እንደ ብክለት አይታለፍም፤ በአንድ ጠርሙስ ብቻ እንኳ ቢገኝ ሕክምና መጀመር አለበት። ለላቦራቶሪው ኃላፊ ሙያዬን ነግሬ ስላይዱን እንዲያሳየኝ ለመንኩት፤ እርሱም ያለ ማንገራገር ማይክሮስኮፑን ለቀቀልኝ፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ግራም ስቴይን በተባለው ማቅለሚያ ጥቁር ወይን ጠጅ የሆኑ ሞላላ ነጠብጣቦች በየቦታው ተበትነዋል፤ ገሚሶቹ ከጎናቸው ሌላ ትንሽ ነጠብጣብ አብቅለዋል፤ ሁሉም ጥቃቅን ናቸው፣ ክር የመሰለ ቅርንጫፍም የላቸውም። ወዲያው ከናሙናው ወስዶ ከሴረም ጋር ደባልቆ በ37 ዲግሪ አስቀመጠው፤ ከካንዲዳ ዝርያዎች በብዛት የሚታየው ካንዲዳ አልቢካንስ ቢሆን ኖሮ በሦስት ሰዓት ውስጥ ጅራት ያወጣ ነበር። አላወጣም። እኔና እርሱ ተያየን፤ አልቢካንስ ካልሆነ የፍሉኮናዞሉ ነገር አጠራጣሪ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን።

«እርሾ» የሚለው ቃል ለቤተሰቡ የራሱን ጣጣ አመጣ። የአጎቴ ባለቤት ወደ አግዳሚው ወንበር መጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ እርሾ ያሉት የእንጀራውን ነው? እኔ ነኝ ያበላሁት?» አሉኝ። እንዳልሆነ፣ የቡሖው እርሾ እንዲህ ያለ በሽታ እንደማያመጣ ነገርኳቸው። ከአምስት ቀን በኋላ ወደ ሌላ ላቦራቶሪ የተላከው ናሙና ካንዲዳ ግላብራታ መሆኑ ሲታወቅ ግን በልቤ ፈገግ አልኩ፤ ይህ ዝርያ በዘር ሐረጉ ከካንዲዳ አልቢካንስ ይልቅ ዳቦና ቢራ ለሚሠራበት እርሾ የሚቀርብ ነው። የዝምድናውን ነገር ለእሳቸው አላነሣሁባቸውም።

ካንዲዳ ግላብራታ በዕድሜ የገፉ፣ የሆድ ዕቃ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው፣ ስኳር ያለባቸውና ከዚህ ቀደም ፍሉኮናዞል የወሰዱ ሕሙማንን የሚመርጥ ዝርያ ነው፤ ይህን ዐረፍተ ነገር ስጽፍ የአጎቴን ቻርት የምገለብጥ ይመስለኛል። በካልቸር ጠርሙስ ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚያድግም ውጤቱ ከሌሎቹ ይዘገያል። ፍሉኮናዞልን የሚቋቋምበት ዋናው ዘዴ በሴሉ ሽፋን ላይ ያሉትን ፓምፖች አብዝቶ መድኃኒቱን እንደገባ መልሶ ወደ ውጭ መትፋት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የአሳሳቢ ፈንገሶች ዝርዝር ውስጥም በሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። የውጤቱ ወረቀት ሲመጣ በፍሉኮናዞል አንጻር «አይሠራም» የሚል ምልክት ነበረበት። ተረኛው ሐኪም «ሌላ ላቦራቶሪ ብናሠራው ይሠራል ቢሉንስ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ወጣት ናቸው፣ ጥያቄያቸውም የቅን ሰው ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያዎች በምንመራበት የአሜሪካ መለኪያ ለዚህ ዝርያ ከፍሉኮናዞል አንጻር «በደንብ ይሠራል» የሚል ደረጃ ጨርሶ እንደሌለ፣ ያለው «በከፍተኛ መጠን ምናልባት» እና «አይሠራም» ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው። ማስታወሻ ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉት።

የዝርያው ስም እስኪታወቅ ድረስ አልጠበቁም፤ ይህንን ለሆስፒታሉ ክብር እጽፈዋለሁ። ስላይዱን ባየን በማግሥቱ፣ በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ የክፍሉ ኃላፊ ሐኪም መጥተው በአንድ ራውንድ ላይ ሦስት ውሳኔ ሰጡ፤ የብሽሽቱ ቱቦ ዛሬውኑ ይውጣ፣ ፍሉኮናዞሉ ይቁም፣ አምፎቴሪሲን ቢ የተባለው ሌላ የፈንገስ መድኃኒት ይጀመር። ቱቦው ሲወጣ ቆሜ አይቻለሁ። ላዩ ሲታይ ንጹሕ ነበር፤ ፈንገሱ በፕላስቲኩ ላይ የሚሠራው ስስ ሽፋን ለዓይን አይታይም፤ በዚያ ሽፋን ውስጥ ያለውን ፈንገስ ደግሞ ብዙው መድኃኒት አይደርስበትም፤ ቱቦው ሳይወጣ መድኃኒት መጨመር የሚያጠግብ ውጤት የማይኖረው ለዚህ ነው።

አምፎቴሪሲን ቢ አስቸጋሪ መድኃኒት ነው። በመጀመሪያው ዕለት ጠብታው በገባ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አጎቴን ብርክ ያዛቸው፤ አልጋው እስኪንኳኳ ድረስ ተንቀጠቀጡ። ኩላሊትን ይጎዳል፣ ፖታሲየምን ያወርዳል፤ ስለዚህም በየማለዳው ደም እየተቀዳ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬቲኒናቸው ይታይ ነበር። በዚህ ሁሉ መሐል የሆስፒታሉ ትልቁ ሀብት የሆነውን ሰው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ክሊኒካል ፋርማሲስቱን ማለቴ ነው። አንዲት አዲስ ነርስ መድኃኒቱን በኖርማል ሳላይን (በጨው ውኃ) ልትበጠብጠው ስትል ከበሩ ላይ ሆኖ «ሲስተር፣ በዴክስትሮዝ ነው!» ብሎ አስቆማት፤ ዴክስትሮዝ የስኳር ውኃ ነው፤ አምፎቴሪሲን ከሳላይን ጋር ሲገናኝ ይረጋል። በኋላ ካስፖፈንጂን ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ እርሱ ከዴክስትሮዝ ጋር አይስማማም፣ የሚበጠበጠው በሳላይን ነው። ፋርማሲስቱ ሁለቱን በነጭ ወረቀት ላይ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፎ ከመድኃኒት ማዘጋጃው ጠረጴዛ በላይ ለጠፈው። ከሆስፒታሉ ስንወጣ ወረቀቱ እዚያው ነበር።

ካስፖፈንጂንን የማግኘቱ ነገር ብቻውን አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል። ካስፖፈንጂን፣ ሚካፈንጂንና አኒዱላፈንጂን የፈንገሱን ግድግዳ የሚያፈርሱ መድኃኒቶች ናቸው፤ ለእንዲህ ያለ ኢንፌክሽን በዓለም ዙሪያ በቀዳሚነት የሚመከሩትም እነሱ ናቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ አስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ አስገብቷቸዋል። በሆስፒታሉ ፋርማሲ ግን አልነበረም፤ በከተማው ሁለት ቀን ሙሉ ዞረን አላገኘንም። በመጨረሻ በዱባይ የሚኖረው ልጃቸው በሐኪም ማዘዣ ገዝቶ ራሱ ይዞት መጣ። ብልቃጡ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ ስላለበት በበረዶ ከረጢት አጅቦ በእጅ ሻንጣው ነበር ያመጣው፤ ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ሆስፒታል ገብቶ አባቱን ሳያይ መጀመሪያ ፋርማሲውን ጠየቀ። በአሥራ ሰባተኛው ቀን 70 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በኋላ በየቀኑ 50 ሚሊ ግራም ተሰጣቸው። እንዲህ ያለ ልጅ የሌለው ሕመምተኛ በአምፎቴሪሲኑ ብርክ ይቀጥላል፣ ወይም በማይሠራ ፍሉኮናዞል ይቆያል ማለት ነው፤ የጽኑ ሕሙማን ክፍል አለኝ የሚል ሆስፒታል ቢያንስ ለአንድ ሰው የመጀመሪያ ሳምንት የሚበቃ መጠን በማቀዝቀዣው ሊኖረው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በአብዛኛው ደግ ነው። ካልቸሩ በየሁለት ቀኑ ተደገመ፤ አሁን ከሁለት ክንድ፣ በቂ ደም። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን የተቀዳው ንጹሕ ሆነ፤ የሕክምናው 14 ቀንም ከዚያ ዕለት ጀምሮ ተቆጠረ፤ ብዙ ቦታ ከመጀመሪያው መድኃኒት ቀን እየተቆጠረ አጭር ስለሚደረግ ይህ መከበሩ አስደስቶኛል። ፈንገሱ በደም ተጉዞ የዓይንን የውስጥ ክፍል ስለሚያጠቃ የዓይን ሐኪም ከውጭ ተጠርተው የብሌን ማስፊያ ጠብታ ጨምረው አዩአቸው። አጎቴ የሚያንገበግባቸውን ጠብታ እየጠረጉ «አሁን ደግሞ ዓይኔ ምን አጠፋ?» አሉ፤ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ቀልዳቸው ነው።

ንጽሕናን በተመለከተ ያየሁት የተደባለቀ ነው። በየአልጋው ግርጌ የእጅ ማጽጃ አልኮል ተሰቅሏል፤ ነርሶቹም ወደ ሕመምተኛው ሲቀርቡ ይጠቀሙበታል። ከሕመምተኛው ተነሥተው ወደ ቻርቱ፣ ከቻርቱ ወደ ስልክ ሲሄዱ ግን ጓንታቸውን እንዳጠለቁ ይሄዳሉ፤ ጓንት ለለባሹ እንጂ ለሚቀጥለው አልጋ መከላከያ አይሆንም። በተለይ ያሳሰበኝ ቴርሞሜትሩ ነው። አንድ ዲጂታል ቴርሞሜትር ስምንት አልጋ ይዞር ነበር፤ በብብት ይገባል፣ በሶፍት ይጠረጋል፣ ወደሚቀጥለው ብብት ይሄዳል። በእንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ በሚገኝ አንድ የአእምሮና የነርቭ ጽኑ ሕሙማን ክፍል እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2017 ባለው ጊዜ 70 ያህል ሕሙማን ካንዲዳ አውሪስ የተባለው ፈንገስ ተገኝቶባቸው ምክንያቱ ሲፈተሽ ከሕመምተኛ ወደ ሕመምተኛ የሚዘዋወር የብብት ሙቀት መለኪያ ሆኖ ነው የተገኘው። ካንዲዳ አውሪስ እ.ኤ.አ. በ2009 ከአንዲት ጃፓናዊት የጆሮ ቀዳዳ ተወስዶ የታወቀ ሲሆን፣ በአሜሪካ ከተመረመሩት ናሙናዎች 90 በመቶ ገደማ ፍሉኮናዞልን ይቋቋማሉ፤ በአልጋ ጠርዝና በመሣሪያ ላይ ለሳምንታት ይቆያል፤ ብዙ የወለል ማጽጃ ሳሙናዎችም አይገድሉትም። በአጎቴ ላይ የተገኘው እርሱ አይደለም። ይሁን እንጂ ያ ቴርሞሜትር እርሱ በመጣ ዕለት ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ጉዳዩን ለዋና ነርሷ ባነሣሁት በሳምንቱ ለየአልጋው አንድ አንድ ቴርሞሜትር ተገዛ፤ የአልጋ ጠርዞችም በበረኪና ውኃ በቀን ሁለቴ መወልወል ጀመሩ።

ስለ ነርሶቹ ሳልጽፍ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። በሌሊት ተረኛ አንዷ ነርስ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ከባድ ሕመምተኛ ትይዛለች፤ በእንዲህ ያለ ጫና ውስጥ እጅ የመታጠቡ ደቂቃ ቀድሞ የሚቆረጥ ደቂቃ መሆኑን የሠራበት ሁሉ ያውቀዋል። የቤተሰብ ጥየቃንም በብልሃት ይዘውታል። የአጎቴ ንስሐ አባት ጠበል ይዘው ሲመጡ ዋና ነርሷ አልከለከለቻቸውም፤ «አባ፣ እጅዎን በዚህ ይታጠቡልኝ፣ ከዚያ ግንባራቸውን ይቀቡልኝ፤ አንገታቸው ላይ ያለው ቱቦ ብቻ እንዳይነካብኝ» ብላ መስቀሉን ተሳልማ አስገባቻቸው። አዲሱ ቱቦ በአንገታቸው ነበር የገባው፤ በላዩም ቀኑ በጥቁር ማርከር በጉልህ ተጽፎበት ነበር።

ነጥብ ስጥ ከተባልኩ ለቀዶ ሕክምናውና ለፋርማሲው ከአምስት አምስት፣ ለነርሶቹ አራት፣ ለላቦራቶሪው ሁለት እሰጣለሁ፤ ኃላፊው ስሕተቱን ለማረም ባሳየው ቅንነት ሁለት ተኩል ላድርግለት። በመቀበያው ቅጽ ላይ ግን ምንም ነጥብ የለኝም።

በሠላሳ ስድስተኛው ቀን የመውጫ ማጠቃለያው ሲሰጠን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ስለ አንጀቱ፣ ስለ ሁለቱ ቀዶ ሕክምናዎች፣ ስለ ስኳሩ በሚገባ ተጽፏል። ስለ ፈንገሱ የነበረው ግን «ለኢንፌክሽን ሕክምና ተሰጥቷል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። የአጎቴ ከረጢት ከጥቂት ወራት በኋላ ተነሥቶ አንጀታቸው ስለሚመለስ ሌላ ቀዶ ሕክምና ይጠብቃቸዋል፤ ያንን የሚያደርግላቸው ሆስፒታል ይህ ላይሆን ይችላል። ወረቀቱን ይዤ ወደ ወጣቱ ሐኪም ተመለስኩ። ታይፕ አድራጊዋ ወጥታ ስለነበር በእስክሪብቶ ጨመሩበት፦ «በደም ካልቸር ካንዲዳ ግላብራታ፤ ፍሉኮናዞል አይሠራም፤ ካስፖፈንጂን ተወስዷል፤ ከመግባታቸው በፊት ለአራት ወራት ፍሉኮናዞል ወስደዋል።» ፈርመው ማኅተም አስደረጉበት። አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው እንደ ተማሪ ደብተር አረሙትና «ግላብራታ» በሚለው ላይ ጣታቸውን አሳርፈው «ይህን ስም ፋርማሲው በር ላይ ብለጥፈው ደስ ይለኛል» አሉ።